የልቤን ሩጫ ደስታ ብዬው ነበር

ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ አራተኛ ጊዜዬ ነው። ሦስቴ ተነስቼ ሄጃለሁ፤ አንዴ ልብስ ለማስጣት፣ አንዴ ስልክ ለመደወል፣ አንዴ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት። ዝም ብሎ መቀመጥ ድሮም አይሆንልኝም። ችኩል ሰው የሚያጣድፍ በሽታ ሲይዘው ማን ይለየዋል? እኔ አልለየሁትም፣ ባለቤቴ አልለየውም፣ የሄድኩባቸው ሦስት ክሊኒኮችም አልለዩትም። ከሁሉም የባሰው ግን በሽታውን ከእግዚአብሔር የተላከ ደስታ ነው ብዬ በሰው ፊት መመስከሬ ነው። ክኒኑን በኪሱ ይዞ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆሞ "ልዋጠው ወይስ ልተወው?" የሚል ሰው ካለ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሙሉ እባላለሁ። ሲኤምሲ አካባቢ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ለሁለተኛ ክፍል ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ደረጀ ኤርፖርት፣ የጭነት ክፍል ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። አንዲቷ ልጃችን ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ስለገባች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ቤታችን ለሁለታችን ቀርታለች።

ነገሩ የጀመረው ከእጄ ነው። ጥር ላይ አንዲት እናት የልጇን ደብተር ይዛ መጣች። "ቲቸር፣ ይሄ ልጅ ፊደል ሲጽፍ እንዲህ የሚያንቀጠቅጠው ምን ሆኖ ነው? ሐኪም ቤት ልውሰደው እንዴ?" አለችኝ። ደብተሩን ገለጥኩት። የ"ሸ" እግሮች ተወላግደዋል፣ "መ" ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ቀና ብዬ ሰሌዳውን ሳየው የራሴ ጽሑፍ ነው። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ አስተማሪውን አንድም ሳያስቀር ገልብጧል። "ልጅሽ ደህና ነው፣ አስተካክለዋለሁ" ብዬ ሸኘኋትና ማርከሩን ኪሴ ከተትኩት።

ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ተከታትሎ መጣ። በልቼ አልጠግብም፣ ቀሚሴ ግን እየሰፋ ሄደ። መምህራን ክፍል ውስጥ "ሙሌ፣ ዳይቱን ለእኛም ንገሪን እንጂ" ይሉኛል፤ እኔም የደበቅኩት ነገር ያለ ይመስል እስቃለሁ። ሰው ጃኬት ደርቦ እኔ መስኮት እከፍታለሁ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ትመታለች፤ ጋደም ስል ደግሞ ትራሱ ውስጥ። ጠባዬም ከፋ። አንድ ቀን ደረጀ ከሥራ ገብቶ በሩን ትንሽ ጮክ አድርጎ ዘጋው፤ ያን ዕለት የተናገርኩትን ዛሬ ብጽፈው አፍራለሁ። ብርድ ልብሱን ይዞ ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀመረ። መልሶ አልጮኸብኝም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ነው። ደም ሰጠሁ፣ "ታይፎይድና ታይፈስ፣ አንድ ላይ" ተባልኩ። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህን ውጤት በደንብ ያውቀዋል። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ እጄ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም። መገናኛ የሄድኩበት ሁለተኛው ክሊኒክ "ጨጓራሽ ነው፣ በርበሬ ተዪ" አለኝ። በርበሬ ተውኩ። ሦስተኛው አትላስ አካባቢ ያለ፣ ጥሩ የሚባል ነው። ወረፋዬ እስኪደርስ ኮሪደሩ ላይ ስመላለስ ጥበቃው መጥቶ፣ "እህቴ፣ እባክሽ ቁጭ በይ፤ ሌሎቹን ሕመምተኞች አዞርሽብን" አለኝ። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን እያየ ዕድሜዬን ጠየቀኝና፣ "አርባ አራት? እንግዲህ ዕድሜም ነው፣ ውጥረትም ነው። ትንሽ ተዝናኚ" ብሎ አሰናበተኝ። ደረጀ የሐኪም ትእዛዝ ነው ብሎ እዚያው አትላስ ምግብ ቤት ወሰደኝ። የሁለት ሰው ምግብ በልቼ፣ ሙዚቃው ጮኸብኝ ብዬ አልቅሼ ወጣሁ።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ጸሎቴ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ። ጠዋት ሥዕለ ማርያም ፊት ቆሜ ዝም የምልባት አንዲት አሥር ደቂቃ ነበረችኝ፤ እንደ እኔ ላለ ሰው በቀን ውስጥ ሌላ ዝምታ የለም። ከዚያች አሥር ደቂቃ ደስታ ይዤ ነበር ወደ ክፍል የምገባው። አሁን "በሰማያት የምትኖር" ከማለቴ አእምሮዬ መገናኛ ደርሶ ይመለሳል። ለቃሉ ቆሜ ስለ ሽንኩርት አስባለሁ። እግዚአብሔር የተቀየመኝ መሰለኝ። ምን እንዳደረግኩት ስፈልግ ደግሞ ሰው የማያጣው ነገር የለም፤ ብዙ አገኘሁ።

ግንቦት ላይ ደረጀ በሥራ ባልደረባው በኩል ቦሌ መንገድ ዳር ያለ ሆስፒታል ቀጠሮ አስያዘልኝ። ሐኪሟ ዶክተር ሕይወት ትባላለች፤ እኩያዬ ትሆናለች። ከወረቀቶቼ በፊት እኔን አየችኝ። እጄን አስዘርግታ ጣቶቼ ላይ ነጭ ወረቀት አስቀመጠች፤ ወረቀቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ብርጭቆ ውሃ ሰጥታኝ "አንድ ጉንጭ ዋጪ" አለችና ከኋላዬ ቆማ አንገቴን በሁለት እጇ ዳበሰችው።

"ሦስት ክሊኒክ ሄደሽ አንገትሽን የነካው ሰው የለም?"

"የለም።"

"ዓይንሽስ፣ ድሮም እንዲህ ትልቅ ነበር?"

መታወቂያዬን አውጥቼ ፎቶውን አየነው። እውነትም ዓይኔ ወጣ ወጣ ብሏል፤ በየቀኑ መስታወት እያየሁ አላየሁትም።

የደም ምርመራው ያለችውን አረጋገጠ። ጉሮሮ ላይ ታይሮይድ የምትባል እጢ አለች፤ ሰውነት የሚሠራበትን ፍጥነት የምትወስነው እሷ ናት። የእኔዋ ከልክ በላይ እየሠራች ነው። "መኪናሽ ቆሟል፣ ነዳጁ ግን እየተረገጠ ነው" ብላ አስረዳችኝ። ሁለት ዓይነት ክኒን አዘዘችልኝ፤ አንዱ እጢዋን የሚያቀዘቅዝ፣ አንዱ ልብ የሚያረጋጋ። "ለውጡ በሳምንታት ነው የሚመጣው። የዳንሽ ሲመስልሽ እንዳታቆሚ፤ በድንገት ካቆምሽ ልብሽ አትችለውም" አለችኝ። ደግማም ነገረችኝ። ከዚያ "ከዚህ ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"የለም" አልኳት። ከፋሲካ ወዲህ በየጠዋቱ ጠበል እጠጣ ነበር። ትስቅብኛለች ብዬ ደበቅኳት።

ከሆስፒታሉ ስወጣ አለቀስኩ፤ የደስታ ለቅሶ ነበር። ሰው በሽታ ተነግሮት ደስ ይለዋል? ስም ነበረው ማለት ነው፤ እብደት አይደለም፣ ክፋት አይደለም። ሐምሌ ላይ ሰው መሆን ጀመርኩ። እጄ ረጋ፣ እንቅልፍ መጣ፣ ደረጀም ብርድ ልብሱን ይዞ ከሶፋው ተመለሰ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ሌላውን ጾም የሚያልፍ ሰው እንኳ ይህን የነሐሴ የእመቤታችንን ጾም አያልፈውም። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሁለቱን ሳምንት ሱባኤ ልይዝ፣ ጠዋት ጠበል ልጠመቅ፣ ከሰዓት ላስቀድስ፣ በመጨረሻው ቀን ልቆርብ ወሰንኩ። ቀድሜ ለንስሐ አባቴ ለመምሬ አክሊሉ ተናዘዝኩ። ባሌ ላይ መጮኼን፣ ትዕግስት ማጣቴን፣ ጸሎት መሰልቸቴን ነገርኳቸው። መታመሜንና ክኒን መጀመሬን አልነገርኳቸውም፤ ኃጢአት አይደለም፣ ምን ብዬ እናዘዘዋለሁ? እሳቸውም በሰሙት ልክ ቀኖና ሰጡኝ፤ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት።

የጠዋቱ ክኒን ችግር ሆነብኝ። ቅዳሴ ዘጠኝ ሰዓት እስኪወጣ ምንም አይቀመስም። ጾም መግደፍ ይሆንብኛል ብዬ የጠዋቱን ተውኩ። በሦስተኛው ቀን የማታውንም ተውኩ፤ እየተጠመቁ ክኒን መዋጥ እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው ብዬ። ይህን ማን አለሽ ብትሉኝ የምጠራው ስም የለኝም። መምሬ አላሉኝም፣ አጥማቂውም አላሉኝም። እኔው ጠየቅኩ፣ እኔው መለስኩ። የዶክተሯም የመምሬም ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ደስታ መጣ። ልቤ ደረቴን ልትሰብረው ደረሰች። እንባዬ ሳላስበው ይወርዳል። ነጠላዬ በዝናብ በስብሶ ብርድ አይሰማኝም፤ ውስጤ ይነዳል። አርባ አንዱን ስግደት ሰማንያ ሁለት አደረግኩት። እንቅልፍ የለኝም፣ ግን አይደክመኝም። ወራት ሙሉ የፈለግኩት ደስታ ከነወለዱ ተመለሰልኝ አልኩ። መንፈስ ቅዱስ አደረብኝ አልኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ "ይህ መንቀጥቀጥ ጥር ላይ ከነበረው በምን ይለያል?" አላልኩም።

ጠበሉ ቦታ ከጥምቀት በኋላ የተደረገላቸው ሰዎች ተነስተው ይመሰክራሉ። በሰባተኛው ቀን እኔም ተነሳሁ። "ሐኪም ዕድሜ ልክሽን ትወስጃለሽ ያለኝን ክኒን ጥዬ ይኸው ቆሜያለሁ!" አልኩ። ዶክተር ሕይወት ዕድሜ ልክ አላለችኝም ነበር፤ አፌ ጨመረበት። እልልታው ሲቀልጥ አለቀስኩ።

ሱባኤው ላይ ከጎኔ አንድ ሸራ ሥር የሚቀመጡ እማማ ትርሐስ የሚባሉ እናት ነበሩ። ከትግራይ መጥተው ገርጂ ልብስ ከምትሰፋ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ሴቱን ሁሉ "ጓለይ" እያሉ፣ ልጄ እያሉ የሚጠሩ ሰው ናቸው። ስዘገይ ቦታ ይይዙልኛል፤ ጃንጥላቸውን ያጋሩኛል። በማግስቱ እጄን ይዘው፣ "ጓለይ፣ ትናንት ባንቺ ተጽናናሁ። እኔም የደም ግፊቴን ክኒን ተውኩት" አሉኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን!" አልኳቸው። አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስግደት ላይ ስነሳ ልቤ መምታቷን ትታ መርገፍገፍ ጀመረች። ሌላ ቃል የለኝም። ትመታለች፣ ትዘላለች፣ ዝም ትላለች፣ እንደገና ትሮጣለች። እግሬ ከዳኝና ጭቃው ላይ ተደፋሁ። ሴቶች ነጠላ ሲያራግቡልኝ፣ አንዷ ስልኬን አውጥታ ለደረጀ ስትደውል ይሰማኛል፤ መናገር ግን አልቻልኩም። ደረጀ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይዞ በርሮ መጣ። ሲኤምሲን አልፈን መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ሹፌሩ መስኮቱን ከፍቶ "ሕመምተኛ ይዣለሁ፣ አሳልፉኝ!" እያለ በጩኸት ነው ቦሌ ያደረሰኝ። ስሙን አላውቀውም። እግዜር ይስጠው።

ድንገተኛ ክፍል ሦስት ሰው ከበበኝ። ትኩሳቴ ከፍ ብሏል፣ ልቤ ሥርዓቷን ስታለች። ዶክተር ሕይወት ተጠርታ መጣችና "ክኒኑን እየወሰድሽ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"እየወሰድኩ ነው።"

ለምን ዋሸሁ? አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ። እየሞትኩም ቢሆን ጎበዝ ተማሪ መምሰል ፈልጌ ነው መሰለኝ።

በማግስቱ መምሬ አክሊሉ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላቸውን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ራስጌዬ ቆመው እየጸለዩ ሳለ ዶክተሯ ፋይሌን ይዛ ገባች። ልትወጣ ስትል መምሬ "ግቢ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ" አሏት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ሙሉ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰድሽ እዚህ ከደረስሽ መድኃኒቱ አልሠራልሽም ማለት ነው። ያኔ ሌላ መንገድ ልንሄድ ነው፣ ምናልባት ቀዶ ጥገና። ልብሽ አሁን ባለችበት ሁኔታ ደግሞ ያ ያስፈራኛል።"

ደረጀን አየሁት፣ መምሬን አየኋቸው። "አልወሰድኩም" አልኩ። "ከሱባኤው መጀመሪያ ጀምሮ አልወሰድኩም።" የጠበሉንም፣ የስግደቱንም፣ የምስክርነቱንም ነገር ዘረገፍኩት።

መጀመሪያ የተናገሩት መምሬ ናቸው። "ልቧን ያመማትን ሴት አርባ አንድ ስገጂ ያልኩት እኔ ነኝ እንግዲህ" አሉ። "ወለተ ሐና፣ እኔ እኮ የነገርሽኝን ብቻ ነው የማውቀው።" ወለተ ሐና የክርስትና ስሜ ነው።

"እኔም ስግደቱን አላውቅም ነበር" አለች ዶክተሯ። "ብነግራት ትስቅብኛለች ብላ ይሆናል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ጠበል መጠጣትሽን አልቃወምም። ክኒኑን ግን እንድትውጪልኝ እፈልጋለሁ" አለችኝ። ሁለቱ ሰዎች አልጋዬ ግራና ቀኝ ቆመው የእኔን ነገር ግማሽ ግማሹን ሲገጣጥሙ ሰማኋቸው። ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው ደብቄ ነበር የኖርኩት።

ሲወጡ ደረጀ፣ "ለእነሱ ፈርተሽ ነው እንበል። ለእኔስ?" አለኝ።

"አንተማ ሶፋ ላይ ነበርክ" አልኩት። ያን ጊዜ ሶፋው ላይ አልነበረም፤ ተመልሶ ነበር። ተነስቶ ወጣ። ተመልሶ ብርቱካን ይዞ መጣና ልጦ፣ ፍሬውን አውጥቶ፣ አንድ በአንድ አጎረሰኝ። በሦስተኛው ጉርሻ ላይ ነው ድንገት ብድግ ያልኩት። "እማማ ትርሐስ!" ብዬ ጮህኩ። ነርሷ የተቃዠሁ መስሏት ሮጠች። የምስክርነቴ ነገር እዚያ አልጋ ላይ አልቆመም፤ አንዲት አሮጊት እኔን አምነው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ጥለዋል።

ስልካቸው የለኝም። የአባታቸውን ስም እንኳ አላውቅም። ደረጀ በዚያው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ የእኔ መውደቅ አስደንግጧቸው እማማ ትርሐስ ከዚያ ወዲህ አልመጡም ተባለ። ጾሙ ተፈታ፣ ሕዝቡ ተበተነ። ስወጣ ለዶክተሯም ለመምሬም ነገርኳቸው። መምሬ ከቅዳሴ በኋላ አስነገሩ፤ የመጣ የለም። ደረጀ የዕረፍት ቀኑን ሰጥቶ ገርጂ ያሉ ልብስ ሰፊዎችን አንድ በአንድ ጠየቀ። እኔ በተከራየነው ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ፤ ከእያንዳንዱ በር ራሱን እየነቀነቀ ሲወጣ አያለሁ።

በዚህ መሀል ክኒኑ ሥራውን ጀመረ። ልቤ ረጋች። እንዲህ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር አስጨነቀኝ፤ ያ ደስታ ጥርግ ብሎ ጠፋ። እጸልያለሁ፣ እንባ የለም፣ ሙቀት የለም፣ የሚፈነቅለኝ ነገር የለም። መምሬ ጋ ሄጄ፣ "አባ፣ መድኃኒቱ መንፈሱንም ገደለብኝ" አልኳቸው።

ሳቁ። "ደስታ የልብ ምት ቢሆን ኖሮ ሯጭ ሁሉ ቅዱስ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ኮስተር ብለው፣ "አዲስ ቀኖና እሰጥሻለሁ። ሐኪሟ እስክትፈቅድልሽ ስግደት የለም። ክኒንሽን በሰዓቱ ትውጫለሽ፤ ስትውጪ ተቀምጠሽ አባታችን ሆይን በቀስታ ትደግሚያለሽ። ስትቆርቢ ሰዓቱን ከሐኪምሽ ጋር እንነጋገርበታለን፤ ለሕመምተኛ ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት፣ ብቻ ጠይቂ።"

"ይሄማ ቀላል ነው" አልኩ።

"ላንቺ አይደለም" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሰማንያ ሁለት ስግደት ከዚህ ይቀለኝ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ምንም ሳይሰማህ፣ ቃል በቃል "የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ" ማለት! ሦስት ቀን ጨርሼው አላውቅም። በአራተኛው ቀን ጨረስኩት። ምንም አልመጣም፤ ብቻ ከወንበሩ ስነሳ ደረጀን "ቁርስ ላቅርብልህ?" ብዬ በሰላም ድምፅ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አየኝ። በየቀኑ ቀጠልኩበት። በጸሎቱ መሀል ግን በየቀኑ እማማ ትርሐስ ይመጡብኛል፤ ተዘርረው፣ አፋቸው ተጣሞ፣ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ። የደም ግፊት ሲፈነዳ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ፈርቼ የምጸልየው ጸሎት መሆኑን አውቄም ቢሆን አላቆምኩም።

መስከረም ሃያ አንድ ቀን፣ የእመቤታችን ዕለት፣ ትምህርት ቤት አስፈቅጄ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ስገባ እሳቸው ቀድመው አዩኝ።

"ጓለይ! በሕይወት አለሽ! እኔ እኮ ወድቀሽ ቀረሽ ብዬ..." አቅፈው ሳሙኝ። ራሳቸውን በሻሽ ጥብቅ አድርገው አስረዋል። "ይኸው፣ ካንቺ ወዲህ አንዲት ፍሬ አልነካሁም" አሉኝ በኩራት።

"ሻሹ ምንድን ነው እማማ?"

"ራስ ምታት ነው። ፈተና ነው፣ ያልፋል።"

ጉልበታቸው ሥር ተንበረከክኩ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም። "እማማ፣ እኔ አልዳንኩም ነበር" አልኳቸው። "ያን ቀን ያያችሁብኝ ደስታ በሽታዬ ነው። ክኒኑን ስላቆምኩ ነው የወደቅኩት። አሁን እየወሰድኩ ነው፣ የተሻለኝም በእሱ ነው።"

እጃቸውን ከእጄ አወጡ። "ታዲያ ለምን መሰከርሽ?"

"እውነት መስሎኝ ነው።"

"ሳታረጋግጪ? እግዚአብሔር ፊት ቆመሽ?"

አጠገባችን ያሉ ሴቶች ዞረው ያዩናል። አንገቴን ደፍቼ "ይቅር ይበሉኝ። አሁን ሐኪም ቤት እንሂድ፣ እኔ እወስድዎታለሁ" አልኳቸው። ከዚያ ከዘራቸውን አንስተው፣ እኔን ሳይጠብቁ፣ ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ። ተከተልኳቸው።

በአቅራቢያው ባለ ክሊኒክ ነርሱ የቀኝ እጃቸውን ለካ፣ ቁጥሩን አይቶ የግራውን ለካ፣ ከዚያ ሐኪሙን ሊጠራ ወጣ። ሐኪሙ አስተኝቶ መረመራቸው። "ዛሬ መምጣታችሁ ደግ ነው" አለ። "በዚህ ላይ ሌላ ሳምንት ቢቆዩ የምንነጋገረው ሌላ ነገር ነበር።" አንድ ክኒን ሰጥቷቸው ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሜ እለካለሁ አለ።

ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። እኔ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አልተነሳሁም። ስልኬንም አላወጣሁም። አባታችን ሆይን በቀስታ ደገምኩ፣ ለእሳቸው፣ ለእኔ፣ ያን ቀን እልል ላሉት ሁሉ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ደስ አለኝ። ልቤ አልሮጠችም፣ እንባ አልመጣም፣ እጄም ጉልበቴ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። አፍሬም፣ ተቀይመውኝም፣ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር እዚያ ኮሪደር ላይ እንዳለ አወቅኩ፤ እንዴት እንዳወቅኩ ብጠየቅ ማስረዳት አልችልም። ከዚያን ቀን ወዲህ በምደክምበት ጊዜ የምቆመው በዚያች ሰዓት ብርታት ነው።

ሁለተኛው ልኬት ወርዶ ነበር። ነርሱ የደወለላት ልጃቸው ከገርጂ እየሮጠች ደረሰች፤ በትግርኛ እያለቀሰች ተቆጣቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ያየችኝን አስተያየት ይገባኛል። እማማ ትርሐስ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ፣ ሳይዞሩ።

"ሌላ ጊዜ ስትመሰክሪ ይቺንም ጨምሪባት" አሉኝ።

"እሺ እማማ" አልኳቸው።

ይኸው ጨመርኩ።